በመደብህ ላይ የተገኘሁ ዕለት

ሽፈራዬ፣ ባለህበት ሰላም ይሁንልህ። ከተለየኸኝ እነሆ ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ዕንባ በጊዜ ይደርቃል ይላሉ፤ የእኔስ ደርቋል፣ ድካሙ ነው አልለቅ ያለኝ። ፊደሉ ቢጣመምብህ ታገሠኝ፤ ቀኝ እጄ ከዚያን ዕለት ወዲህ አይታዘዝልኝም።

ቤቱን ጎረቤት በደቦ ሠራልኝ። የድንጋይ ግድግዳ ሁለተኛ አላምንም ስላልኩ በእንጨትና በጭቃ ነው፤ ቆርቆሮ ለብሷል። በረዶ ሲወርድበት ያደነቁራል፣ ብርዱም አጥንት ድረስ ይገባል። ጥቁሯ በግ መንታ ወለደች። ልጃችን ዘነበች ከራቤል እየተመላለሰች ታየኛለች፤ እኔ ጋ ግቢ እያለች ትለምነኛለች። አንተን እዚህ ትቼ የት እሄዳለሁ?

ያንን ዕለት እንደሆነው አድርጌ ለማንም አላወራሁም። ሚካኤል ነበር፣ አስቀድሰን ተመልሰናል። መሬቱ ከቆላው በኩል ሲንቀጠቀጥ ሰንብቶ ለምደነው ነበር፤ አንተማ የመንዝ ብርድ ለመሬቱም ተርፎ ነው የሚያንዘፈዝፈው ብለህ አሳቅኸኝ። እኔ ጉንፋን ይዞኝ አስላለሁ። የጓዳው ጭስ እንዳያፍነኝ ብለህ በር አጠገብ ካለው መደብህ ላይ አስተኛኸኝ፤ የሚካኤል ማኅበር የምትሄድበት ሰዓት እስኪደርስ ጋደም ልትል አንተ ጓዳ ገባህ። ቤቱ የተናደው ያኔ ነው።

እኔን ያተረፈኝ ከራሴ በላይ ድንጋዩን የያዘው የበሩ ጉበን ነው። ከወገቤ በታች ድንጋይ ተጭኖኛል፣ አፌን አፈር ሞልቶታል። አንተ ከውስጥ አይዞሽ ትለኝ ነበር፤ መመለስ ሲያቅተኝ ድንጋይ በድንጋይ እየመታሁ አሰማሃለሁ። እንዲህ ብዙ ቆየን። በኋላ ድምፅህ ቀጥኖ ለእኔ እንኳ በጭንቅ ይሰማኝ ጀመር።

ጎረቤቶች ሲደርሱ፣ አባወራ የሚተኛው በር ላይ ነው ብለው አንተን ፍለጋ እዚያው ቆፈሩ። ያገኙት እኔን። መደብህ ላይ ብቻዬን ሲያዩኝ አንተ ቀድመህ ማኅበሩ ቤት የሄድክ መሰላቸው፤ አደጋውን ሊነግርህ ሰው ወደዚያ ሮጠ። ቃል አልወጣ ሲለኝ በእጄ ወደ ጓዳው አመለከትኩ። የውሃው እንስራ የሚቀመጠው ጓዳ አይደል? ውሃ ጠማት አሉ፤ ጎረቤታችን ተሰማ ከቤቱ በጣሳ ይዞልኝ መጣ። ጠጣሁ። ጉሮሮዬ ተከፍቶ ስምህን ስጠራ፣ የቀረው ግድግዳ በጓዳው ላይ ወረደ።

ዛሬ ሰው ሁሉ ተሰማን ያመሰግነዋል፣ ደርሶ አዳናት ይሉታል። ያመለከትኩት አንተን እንደነበር አያውቅም፤ እኔም አልነግረውም። ደግ ሰው ነው፣ ቢሰማ ይህን ችሎ አይኖርም። እኔው ልቻለው።

በየወሩ ሚካኤል መታሰቢያህን አላስታጉልም፣ ትንፋሼ እስካለ አልረሳህም። ለሰው የማልናገረውን ግን ለአንተ ልናገር፤ አንተ እዚያ ውስጥ እያለህ የጠጣሁት ውሃ ጣፍጦኝ ነበር። ይቅር በለኝ።