በቆጠራው ስላልጎደለው ብልቃጥ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ መድኃኒት ግምጃ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ፣ ልብዎ፣ ኩላሊትዎና የደም ሥርዎ ሁሉ ዘወትር በሥራ ገበታቸው ላይ እንዲገኙልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ከበርዎ ፊት ለፊት ያለሁት ፀጉር አስተካካይ ነኝ።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነበረች። ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ወዲህ ሐኪሞቹ በግራ ክንዷ ላይ ደም ቅዳዋንና ደም መልሷን በቀዶ ጥገና አገናኝተውላት፣ ደሟ ወደ ማጠቢያው ማሽን የሚወጣውም የሚመለሰውም በዚያች አንዲት በር ነበር። ቦታውን ሲነኩት እንደምታንኮራፋ ድመት ይርገበገባል፤ እሷም «ድመቴ» ትለው ነበር። ያንን ክንድ እንደ ዓይናችን ብሌን ነበር የምንጠብቀው፤ ዕቃ አይሸከምም፣ የደም ግፊት አይለካበትም፣ አይተኙበትም። ልጃችን ጆሮዋን ለጥፋ ድመቷ መንቃቷን ሳታረጋግጥ ትምህርት ቤት አትሄድም። አንድ ጠዋት ድመቷ ዝም አለች።

ሐኪሟ ደም ረግቶ መንገዱን እንደዘጋው፣ የረጋውን የሚያሟሟ መድኃኒት መኖሩን፣ ከነገ ካለፈ ግን ሥሩ እንደማይመለስ ነግራን ማዘዣ ጻፈችልን። ማዘዣውን ይዘን ወደ እርስዎ መጣን። ስለ ተደረገልን መስተንግዶ ምስጋናዬ የሚከተለው ነው፦

፩ኛ/ «ቆጠራ ላይ ስለሆንን አናስተናግድም» የሚለውን ማስታወቂያ በትልልቅ ፊደል ስላስጻፉልን አመሰግናለሁ። ባለቤቴ መነጽሯን ረስታ ነበር፤ ቢሆንም ያለ ችግር አንብባዋለች።

፪ኛ/ በመስኮቱ የነበሩት ባልደረባዎ መድኃኒቱ አልቋል ብለው አልዋሹንም። ብልቃጡን ከነመደርደሪያው በጣታቸው አሳዩን፤ አንዱ ቢወጣ ቆጠራው እንደሚዛባ፣ ቢዛባ ደግሞ እርስዎ እንደሚቆጡ በትሕትና አስረዱን። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ በመስታወት በኩል ያየኋት ግን በእርስዎ ዘመን ነው።

፫ኛ/ እርስዎን ለማግኘት ደጅዎን ስንጠና ውለን፣ በማግስቱም ስንጠና ዋልን። ስብሰባ ላይ ነበሩ። የስብሰባው ርእስ ቀልጣፋ አገልግሎት እንደነበር ጸሐፊዎ ነግራናለች፤ ባለቤቴም ታማ ሳለ በዚህ ከልቧ ስቃለች። ያን ሳቅ ስለሰጡን ያለ ስላቅ አመሰግንዎታለሁ፤ የመጨረሻዋ ነበር።

፬ኛ/ ክንዷ ከሞተ በኋላ በአንገቷ ሥር ቱቦ ገባላት። ቱቦው የገባበት አመረቀዘ፤ መርዙ ወደ ደሟ ገባ፤ ሞተች። ለዚህኛው ምስጋና ብፈልግ ብፈልግ አጣሁ፤ እርስዎ የጎደለ ማሟላት ያውቁበታልና ይሙሉበት። እኔ አሁንም ስተኛ ክንዷን እንዳልጫነው ወደ ዳር ተጠግቼ ነው።

ቆጠራው አንድም ሳይጎድል መጠናቀቁን ሰምቻለሁ፤ እንኳን ደስ ያለዎ። የጎደለው ከእኔ ቤት ስለሆነ በእርስዎ በኩል ሒሳቡ ልክ ነው።

ወንበርዎን ያጽናልዎ፣ መደርደሪያዎን ሙሉ ያድርግልዎ፣ ማዘዣ ይዞ ከሚመጣም ይሰውርዎ እያልኩ፣ ከታላቅ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

ከበርዎ ፊት ለፊት ያለው ፀጉር አስተካካይ
(ለመቆረጥ ቢመጡ እኛ ዘንድ ቆጠራ የለም)

ማስታወሻ፦ ከቀብሯ በተመለስን ሰሞን ከቢሮዎ ስልክ ተደውሎ ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚሉ ክፉ አፎች አሉ፤ እኔ ግን አልልም። ስልኩን ያነሳችው ልጄ ናት። ባልደረባዎ ቆጠራው ማለቁን፣ እናቷ መጥታ መድኃኒቷን እንድትወስድ እንድትነግራት አደራ አሏት። ልጄ ታላቅ ሲያዛት እምቢ ማለት አልተማረችምና እሺ ብላ ዘጋች። አደራውን እንዴት እንደምታደርስ ከዚያን ቀን ጀምሮ ትጠይቀኛለች። እኔ አላወቅሁም፤ እርስዎ ቢያውቁ በጽሑፍ ቢገልጹላት።