የወንድሜን አፍ ለዘጋው የጋራ ስቱዲዮ

ይድረስ ለተከበሩ የስቱዲዮአችን አወያይ፣

«ዳይሬክተር» ብዬ ባለመጻፌ ንቀት እንዳይመስልብኝ አደራ። በመጀመሪያው ቀን እኛ መሬት ላይ፣ እርስዎ ወንበር ላይ ተቀምጠን ሳለ፣ እዚህ ቤት የበላይም የበታችም እንደሌለ ስላስረዱን ቃልዎን አክብሬ ነው።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ እንቅልፍዎ፣ በተለይም ያ የማያልቅ ትዕግሥትዎ እንደምን አለልዎ? እኔ ከነቁጣዬ ደኅና ነኝ። እናቴም ጉልበቷን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደኅና ናት፤ ቅዳሜ ዕለት በቤተሰብ ቀን ስላደረጋችሁላት አቀባበልም የምለው አለኝ፣ እደርስበታለሁ።

ዛሬ ጠዋት የላኩልኝ ማስጠንቀቂያ ደርሶኛል። እናቴ ያለ አባላቱ ክበብ ስምምነት የጋራ ሥራ በእጇ ስለነካች እኔ ላልተወሰነ ጊዜ «በጥሞና» እንድቆይ፣ ይህም ቅጣት ሳይሆን የፍቅር ዕረፍት መሆኑን እንድገነዘብ ይላል። ስለ ፍቅሩ አመሰግናለሁ። በዚህ ቤት ምስጢር የለም ስላሉን መልሴን በግልጽ ጽፌ በሩ ላይ ለመለጠፍ ወስኛለሁ፤ የሚያልፍ የሚያገድመውም ያንብበው።

ለአላፊ አግዳሚው ነገሩ እንዲገባው ጥቂት ልበል። ስቱዲዮአችን ድሮ የመኪና ጋራዥ የነበረ ሰፊ አዳራሽ ነው። ሠዓሊዎችና አጥኚዎች ተሰብስበን ያለ አስተማሪ፣ ያለ ፈተና፣ ያለ ምስክር ወረቀት እርስ በርስ የምንማማርበት ነው። እኔ ሕፃናትን ሥዕል አስተምራለሁ፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የጭቃ ምስል እሠራለሁ። ለዓመታት የሠራሁት ቤቴ ውስጥ የመመገቢያ ጠረጴዛ ላይ ነበር፤ እራት ሲደርስ ጭቃው ይነሣል፣ ሳህኑ ሲነሣ ጭቃው ይመለሳል። ሥራዬን አይቶ «ይሄ አፍንጫ ጠሟል» የሚለኝ አንድ ሰው ጠፍቶ ነበር ወደ እናንተ የመጣሁት። ይህንንም አግኝቻለሁ፣ አልክድም። ልብስ ሰፊዋ ባልደረባችን በመጣሁ ሰሞን አንገቱ የማይሸከመውን ጭንቅላት በሽቦ እንዴት እንደምደግፈው አብራኝ ስትለፋ ዋለች። ያን ቀን ወደ ቤቴ እያፏጨሁ ነበር የሄድኩት።

በበሩ ላይ «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ተብሎ ተጽፏል። አንበሳው ስላልተገኘ ይመስለኛል ድሩ እኔን አሰረ።

አሁን ቅሬታዎቼን በተራ በተራ አቀርባለሁ፤ ተራው ከጠፋብኝ ከንዴት ነውና ይቅርታዎ አይለየኝ።

፩ኛ. ስለ መደርደሪያዬ። ለእያንዳንዳችን አንዳንድ መደርደሪያ እንደሚሰጠን ቃል ገብተውልን ነበር፤ ሰጥተውኛልም። በማግስቱ ግን «ዝምታው» የምንለው አጥኚ ወንድማችን መጽሐፎቹንና የድምፅ መቅረጫዎቹን ደረደረበት። ለማያውቀው ሰው፣ ይህ ወንድማችን የሚያጠናው ስለ ዝምታ ነው፤ ስለ ዝምታ ማውራት ከጀመረ ደግሞ ጀንበር ካልጠለቀች አያቆምም። መደርደሪያዬን ይልቀቅልኝ ብዬ ለእርስዎ ባመለክት፣ «የኔ» የሚለው ቃል እንዴት እንደሚያስጨንቀኝ በጥልቀት እንዳስብ መከሩኝ። አሰብኩበት፤ ያስጨነቀኝ መጽሐፉ ነው።

፪ኛ. ስለ ረጅሙ ጠረጴዛ። በአዳራሹ መካከል ያለው ጠረጴዛ ሕግ አለው፦ እዚያ ላይ ያደረ ሥራ የሁሉም ነው፣ ማንም ሰው እንዳሻው ያስቀጥለዋል። መልካም ሕግ ነው። በዚህ ሕግ ሠዓሊው የጀመረውን ልብስ ሰፊዋ ጨርሳው ሁላችንም ስንደነቅ አይቻለሁ። እኔ ግን የምሠራውን እዚያ አላሳድርም ነበር። መደርደሪያ ስላልነበረኝ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ በላስቲክ ሸፍኜ፣ ከመታጠቢያው ሥር እሸጉጠዋለሁ። የዛሬ ሳምንት ሰኞ ግን ጠረጴዛው ላይ እየሠራሁ ሳለ እናቴ በረንዳ ላይ ተደናቅፋ መውደቋ ተነገረኝና ላስቲኩን ጣል አድርጌበት ሮጥኩ። ሥራው እዚያው አደረ።

ሥራው ምን እንደነበረ ልንገርዎ፣ ከዚህ ቀደም ስነግርዎ ዐይንዎን ጨፍነው ነበርና። የታላቅ ወንድሜ ምስል ነው። ወንድሜ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር፤ ሰፈሩ «ፍንጭቱ» ነበር የሚለው፣ ምክንያቱም ሲስቅ ከፊቱ ላይ ሌላ ነገር አይታይም። ከሥራ ሲመለስ ከመኪናው ጡሩምባ በፊት ሳቁ ይደርስ ነበር። አንድ ቀን ግን ከመንገድ ሳይመለስ ቀረ። እናቴ አልቅሳ አልቅሳ፣ ከዚያም በያዛት የዐይን ሕመም ብርሃኗ ጨርሶ ጠፋ። አንድ ማታ የወንድሜን ፎቶግራፍ እንደ ልማዷ ከትራስ ሥር አውጥታ ስትዳስሰው አየኋት። «እንግዲህ ይሄም ወረቀት ሆነ» ብላ መለሰችው።

ጭቃውን የጀመርኩት በማግስቱ ነው። እናቴ በእጇ የምታየው ልጅ እሠራላታለሁ አልኩ። እየሳቀ፣ አፉን ከፍቶ፣ ፍንጭቱ በጣት እንዲገኝ አድርጌ። ለኤግዚቢሽን አልነበረም፣ ለውይይትም አልነበረም። ለአንዲት እናት ነበር።

፫ኛ. ማክሰኞ ጠዋት ስመጣ የወንድሜ አፍ ተዘግቶ አገኘሁት። ዝምታው ከንፈሮቹን ገጥሞ፣ መገጣጠሚያውን በአውራ ጣቱ አልስልሶ፣ ከሥሩ «ዝምታ፦ የጋራ ሥራ» የሚል ካርድ አቁሞበታል። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ ወንድሜን ከዝንብ ስላዳነልኝ አመሰግነዋለሁ። ክፉ ሰው አይደለም። ሲያየኝ ፊቱ በርቶ ነበር፣ ስጦታ የሰጠኝ መስሎት። እኔ ግን ጭቃ ባልዲው ላይ ተቀመጥኩ።

፬ኛ. ስለ ክበቡ። ያን ዕለት ክበብ ሠርተን ተቀመጥን፤ የያዛት ሰው ብቻ የሚናገርባት የመናገሪያ ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ ዞረች። የወንድሜን ምስል ወደ ቤቴ እንድወስድ ፈቃድ ጠየቅሁ። ሁሉም ተስማማ፤ ልብስ ሰፊዋማ ድንጋይዋ ሳትደርሳት «ኧረ ስጧት!» ብላ በሥነ ሥርዓት ተወቀሰች። አንድ ሰው ብቻ ቀረ። ዝምታው «ከሥራው ጋር ገና አልተሰናበትኩም» አለ። ሕጋችን ደግሞ አንድ ልብ እንኳ ከስምምነቱ ካልደረሰ ውሳኔ የለም ይላል። ስለዚህ እርስዎ ጉዳዩን ለሚቀጥለው ማክሰኞ አሳደሩት፤ እስከዚያም ማንም እንዳይነካው አዘዙ። ይቅርታ፣ «ጋበዙ»። ድንጋይዋ ስትዞር ሞቀች፤ ውይይታችን ግን ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ሆነ።

፭ኛ. እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ክቡርነትዎ፣ ጭቃ ይደርቃል። እርጥብ ጨርቅ ካልለበሰ ይደርቃል። እርጥብ ሳለ የተዘጋውን አፍ በጣት መክፈት ይቻላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን የሚከፈተው ተሰብሮ ብቻ ነው። ይህን በትሕትና አስረድቼ ጨርቁን ብቻ እንዳረጥብ ለመንኩዎት። «ማርጠብም ጣልቃ መግባት ነው» አሉኝ። ዓርብ ዕለት ከግራ ጆሮው ሥር የተሰነጠቀውን ባሳይዎት፣ «እነሆ ሥራው ራሱ መናገር ጀመረ» ብለው በደስታ እጄን ጨበጡኝ። እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል፣ ታገሺ አሉኝ። እንቁላሉስ እግር ያወጣል። ጭቃ ቀስ በቀስ የሚያወጣው ስንጥቅ ነው።

ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቅሬታ፣ ስለ ሻይ ኩባያዎቹና ስለ መጸዳጃው የጋራ ጽዳት የነበረውን፣ ትቼዋለሁ። ወደ ቅዳሜ ልሂድ።

ቅዳሜ በቤተሰብ ቀን እናቴን ይዤ መጣሁ። እንዳትመጣ ብዬ ነበር፤ እምቢ አለች። የተሠራላትን ሳላስጨብጣት «ገና አላለቀም» እያልኩ ስንት ጊዜ ልዋሻት? እርስዎም በሩ ድረስ ወጥተው፣ ክንዷን ደግፈው አስገቧት፤ ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ፣ ይህ ምስጋና እሾህ የለውም። ከዚያ እኔ ወንበር ላመጣላት ዞር ስል እሷ በጠረጴዛው ጠርዝ እየተመራች ደረሰችበት።

ግንባሩን ዳሰሰች። በልጅነቱ ከዛፍ ወድቆ የተረፈለትን የቅንድብ ጠባሳ ስታገኝ ፊቷ ፈካ። «አንተ ጠፊ!» አለችው። ጉንጩን በሁለት እጇ ያዘች፣ ጣቶቿን ወደ ታች አወረደች፤ ከንፈሩ ላይ ስትደርስ ቆመች። ወደ ግራ ፈለገች፣ ወደ ቀኝ ፈለገች።

«አፉን ማን ዘጋው?» አለች።

ማንም አልመለሰላትም። እኔም አልመለስኩላትም። እርስዎ ግን በጥልቅ ተነክተው እጅዎን ወደ ላይ አንሥተው ጣቶችዎን አርገፈገፉ፤ ማጨብጨብ ሰው ያስደነግጣል ብለን በዚህ ቤት የምናደንቀው ጣት በማርገፍገፍ ነውና። ሌሎችም ተከተሉዎት። ለማታይ ሴት በዝምታ አጨበጨባችሁላት። ዝምታው መቅረጫውን አስጠጋ። እናቴ መልስ ጠብቃ ጠብቃ እጇን ሰበሰበችና «ሰው የለም እንዴ እዚህ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ክቡርነትዎ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን በጨዋ አማርኛ ለመጻፍ ሦስት ወረቀት ቀድጃለሁ። ተቆጥቻለሁ። አፍሬአለሁም፤ እናቴን ወደዚያ ያስገባኋት እኔ ነኝና። ከዚህ ሁሉ በኋላ ዛሬ የደረሰኝ ማስጠንቀቂያ የነካችው እጅ ጥፋተኛ ነው ይላል፤ የዘጋው እጅ ግን «የጋራ ሠሪ» ነው።

የምጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጭቃው ሳይደርቅ ይስጡኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ካርዱን፣ ርእሱን፣ የጋራ ክብሩን ሁሉ ያስቀሩት። ፊቱን ብቻ ልውሰደው።

በስምምነት፣ በሂደትና በውይይት ጥላዎ ሥር ለዘለቄታው እየደረቅሁ፣ ከመሬት ላይ ቀና ብዬ እጅ በመንሣት፣ ያልሻሁት ዕረፍት የተሰጠኝ ታዛዥ አባልዎ፣

የፍንጭቱ ታናሽ እህት

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ትናንት ጽፌ ዛሬ ማክሰኞ በሩ ላይ ልለጥፍ ስመጣ በሩ ክፍት ነበር። ሁላችሁም ክበብ ሠርታችሁ፣ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ዝምታው የሚመራውን የዝምታ ልምምድ እያደረጋችሁ ነበር። ልረብሻችሁ አልፈለግሁም። ረጅሙ ጠረጴዛ ላይ ያደረ ሥራ የሁሉም እንደሆነና ማንም ሊያስቀጥለው እንደሚችል ትዝ አለኝ። እኔም ከ«ማንም» አንዷ ነኝ፣ አስቀጠልኩት፤ በመካከላችሁ አልፌ ታቅፌው ወጣሁ። ልብስ ሰፊዋ አንድ ዐይኗን ገልጣ አየችኝና ይበልጥ አጥብቃ ጨፈነችው። እባክዎ አይውቀሷት፣ ልምምዱን በትጋት እያደረገች ነበር።

ቤት ስደርስ እናቴ ጨርቅ አርጥባ ደጋግማ አለበሰችው። ጆሮው አልዳነም፣ ስንጥቁ አብሮት ይኖራል። ከንፈሩ ግን ለሰለሰ። እኔ ስፈራ ስቸር እሷ ጣቷን ውሃ ነክራ አፉን ራሷ ከፈተችው። ፍንጭቱንም አሰፋችው፤ እኔ አጥብቤው ነበርና፣ «ልጄ እንዲህ ቆጥቦ ስቆ አያውቅም» ብላ።

ስለዚህ በካርዳችሁ ላይ «የጋራ ሥራ» የሚለው አሁን እውነት ሆኗል። የሠሪዎቹ ስም ሲጻፍ ግን እርስዎን ማስገባት አልቻልንም፤ እናቴ «እዚያ ቤት ሰው አላገኘሁም» ብላለች።