ላልተደፋው አንገቴ ይቅርታ ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የጽሕፈት ቤታችን ኃላፊ
መቐለ

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? ወገብዎ ለወንበርዎ፣ አንገትዎም ለከረባትዎ የተመቸ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። እኔ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዎ ፍሬወይኒ፣ በዚህ አበባ በሚፈነዳበት ወራት እያስነጠሰኝም ቢሆን በሕይወት አለሁ። ይህን ደብዳቤ ሰው ሁሉ በሚያነበው ሰሌዳ ላይ የለጠፍኩት፣ ቀደም ብለው የገቡት ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ ዕረፍት ስለወጡ ነው። ቅሬታዎቼም እነሆ፦

፩. የመዝገብ ቤቱ መስኮት መስታወት ከተሰበረ ክረምቱ አልፎ መስከረም ጠብቷል። ከግቢው ጀርባ ያለው ሜዳ አበባ ሲለብስ ብናኙ ሳይጠራ ይገባና ከአሮጌ መዝገቦች አቧራ ጋር ይዛመዳል። ባልደረቦቼ መጀመሪያ ላይ ባስነጠሰኝ ቁጥር «ይማርሽ» ይሉኝ ነበር፤ ኋላ ሰለቻቸውና ተዉት። አንድ ቀን ከታችኛው መደርደሪያ መዝገብ ላነሣ ጎንበስ እንዳልኩ አስነጠሰኝና አንገቴም ወገቤም እዚያው ተያዘ። መስታወት እንዲገባልኝ ብለምን በእርስዎ ቢሮ መጋረጃ ላይ ሌላ መጋረጃ ተጨመረ፤ ስለ አርቆ አሳቢነትዎ አመሰግናለሁ።

፪. ዓይደር ሆስፒታል ሄጄ ያየኝ ሐኪም አጥንቴ ደኅና እንደሆነ፣ የተቆጣው ጡንቻዬ እንደሆነ ነግሮኝ ከአበባና ከአቧራ እንድርቅ ጻፈልኝ፤ ወረቀቱንም አስገባሁ። የፊዚዮቴራፒ ተራዬ እስኪደርስ ዓይናለም ሰፈር ካሉት ወጌሻ ከኣቦይ ከፋለ ዘንድ ሄድኩ። እኚህ ሽማግሌ በቅቤ አሽተውኝ ሲያበቁ «ጓለይ፣ ልጄ፣ እስኪሻልሽ አንገትሽን ለማንም እንዳትደፊ» ብለው አስጠነቀቁኝ። እርስዎን ሳያስፈቅዱ እንዲህ ያለ ትእዛዝ መስጠታቸው ትልቅ ድፍረት ነው።

፫. ሰኞ ስብሰባ ላይ ሲገቡ ሰው ሁሉ ተነሥቶ እጅ ነሣ። እኔም ተነሣሁ፤ እጅ መንሣቱን ግን አንገቴ እምቢ አለኝና እንደ ምሰሶ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ማመልከቻዎቼን ማየት የተሳነው ዓይንዎ ከዚያ ሁሉ ራስ መካከል ያልተደፋውን አንዱን ለይቶ አየ። የሐኪም ወረቀት አለኝ ብል፣ ይህ ሕመም ሳይሆን ትዕቢት ነው ብለው በሰው ፊት አዋረዱኝ፤ በማግስቱም እንድማርበት ምድር ቤት ወዳለው የአሮጌ መዝገቦች መጋዘን አዛወሩኝ። እዚያ ጭራሽ መስኮት ስለሌለ የመስታወቱ ጥያቄዬ በዚሁ ተፈታ። አቧራው ግን ሞልቶ ተርፏል።

ክቡር ሆይ፣ ትዕቢቴ ቤቴ ውስጥ ምን እንደሚመስል ልንገርዎ። ልጄ ኣርሴማ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሮጣ አንገቴ ላይ መጠምጠም ልማዷ ነበር። ሕመሙን ስለምፈራ እጄን ዘርግቼ አስቆማት ጀመር። አሁን መሮጡን ትታዋለች፤ በሩ ላይ ቆማ እንደ ትልቅ ሰው «ዛሬስ ተሻለሽ?» ትለኛለች። ስድብዎን ችዬዋለሁ፤ ይሄኛው ግን አንጀቴን ያቃጥለዋል። ሐኪሙ አቧራው ውስጥ እስካለሁ ድረስ ሕመሙ እንደማይለቀኝ ነግሮኛል። ስለዚህ ከመጋዘኑ አውጥተው መስታወት ያለው ክፍል እንዲሰጡኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ያጎደልኩብዎትን እጅ መንሻ፣ አንገቴ በተሻለው ቀን ከነውዝፉ እከፍላለሁ።

ከማይደፋ አንገትና ከማይጎድል አክብሮት ጋር፣ ቀጥ ብዬ እንደቆምኩ፣
ፍሬወይኒ ኣንዶም
ከምድር ቤት

በኅዳግ፦ ትናንት ሲያስነጥስዎ በደረጃው በኩል እኔ ጋ ድረስ ተሰማ፤ ይማርዎ። ዛሬ ጠዋት ደግሞ ዘበኛችን ኣቦይ ሕሉፍ፣ «ሰላም ብዬው ዘወር ብሎ እንኳ ሳያየኝ አለፈ፣ ናቀኝ» እያሉ ሲያዝኑብዎ አገኘኋቸው። እኔ ግን ወደ መኪናዎ ሲዞሩ አንገትዎን ትተው መላ ሰውነትዎን ይዘው ሲዞሩ አይቼ ነበርና፣ ትዕቢት ሳይሆን ሕመም ነው ብዬ አስረዳኋቸው። ኣቦይ ከፋለም እንዲያሹዎት ለምኜልዎታለሁ፤ ሰው አይመልሱም። ብቻ የቤታቸው በር አጭር ነው። እኔም እያቃሰትኩ ነው የገባሁት፤ አንገቱን ሳይደፋ የሚገባ የለም።