ቁም ሳጥን ውስጥ የዋለው መለኪያ

ይድረስ እንደ እህትም እንደ እናትም ሆነሽ ላሳደግሽኝ ለውድ እትዬ። እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት ሆነልሽ? ደረጃ መውጣት ቻልሽ ወይስ እንደ ልማድሽ «ደህና ነኝ» እያልሽ ታነክሻለሽ? የባለቤትሽ ሳል ለቀቀው? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር አካሌ ደህና ነው። ፊቴን ግን የት እንደማደርገው አጥቻለሁ፤ ስትደውዪ ሳላነሳ የሰነበትኩትም ለዚሁ ነው።

ሥራዬን በደንብ አስረድቼሽ አላውቅም። ከልብ ወደ ሆድ የሚወርደው ትልቁ የደም ሥር አንዳንድ ሰው ላይ እንደ ፊኛ ይነፋል፤ ከፈነዳ ሰውየው አለቀለት። እኛ ጋ ሆዱ ሳይቀደድ በብሽሽቱ በኩል ቀጭን ሽቦ ይገባና የተነፋው ቦታ ከውስጥ በጨርቅ ቱቦ ይደገፋል። ሐኪሙ የሚሠራውን የሚያየው በራጅ ስለሆነ ጨረሩ አብሮን ይውላል፤ በሽተኛው ላይ ያርፍና ወደ እኛም ይበተናል። ስለዚህ ከባድ የእርሳስ ሽርጥ እንለብሳለን፣ ከጣሪያ የተንጠለጠለ መከለያ እንስባለን፣ ደረታችን ላይም የደረሰብንን ጨረር የሚመዘግብ ትንሽ መለኪያ እንሰካለን።

እኔ ሽቦ አቀባይ ነኝ። መከለያው እጄን እንደ ልቤ ስለማያሠራኝ ወደ ጎን ገፋ አደርገዋለሁ፤ ሐኪሙም እንዳንተ ፈጣን የለም ሲለኝ ልቤ ያብጣል። ነገር ግን መለኪያው ከፍ ያለበት ሰው ከክፍሉ ወጥቶ ሌላ ሥራ ላይ ይመደባል። አንቺ ለጎረቤቱ ሁሉ ወንድሜ ከቀዶ ሐኪሞች ጋር ነው የሚውለው ብለሽ ካወራሽ በኋላ ዕቃ ግምጃ ቤት መውረድ ሞት መሰለኝ። ስለዚህ መለኪያዬን ልብስ መቀየሪያው ቁም ሳጥን ውስጥ እየተውኩ መግባት ጀመርኩ። ከላይ ጋውን ስለምንደርብ ማን ያይብኛል?

ውጤቱ ሲመጣ የእኔ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። የጨረር ተቆጣጣሪያችን፣ ቁጥር ስለሚወድ «ሚዛኑ» የምንለው ሰውዬ፣ ሁሉንም ሰብስቦ ከዚህ ሰው ተማሩ አለና አስጨበጨበልኝ። የላክሁልሽ ምስክር ወረቀት የዚያ ነው። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእኔ ግን እያደር ከበደ። እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ተሸከምኩት።

ከዚያ አንዲት አዲስ ነርስ መጣችና እንዳሠለጥናት ለእኔ ተሰጠች። በቅርቡ ያገባች፣ ልጅ የምትመኝ ልጅ ናት። መከለያውን እንደ እኔ ገፋች፣ እኔ የቆምኩበት ቆመች። መለኪያዋን ግን አንድ ቀን ረስታ አታውቅም። ባለፈው ሳምንት ውጤቷ ከተፈቀደው አልፎ መጣና ከክፍሉ አስወጧት። ኮሪደር ላይ ዓይኗ ቀልቶ አገኘችኝ።

«አንተ በቆምክበት ነው የቆምኩት። ምን አጥፍቼ ነው?» አለችኝ።

እትዬ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እሷ እኮ የወቀሰችው ራሷን ነው።

በማግስቱ በእነዚያው ባጨበጨቡልኝ ሰዎች ፊት ተነሥቼ መለኪያዬን ቁም ሳጥን ውስጥ እተው እንደነበር ተናገርኩ። ሚዛኑ አንገቱን ደፍቶ «ልጅቷን ‹አይዞሽ፣ እሱን ብቻ ተከተዪ› ያልኳት እኔ ነኝ» አለ። ሐኪሞቹ ልጅቷን መርምረው ጉዳት አላገኙባትም፤ መውለድም አትከለከልም ብለዋታል። ብቻ ሰላምታዬን የምትመልሰው ቀና ሳትል ነው። እኔን ግን ስንት ጨረር እንደደረሰብኝ ሊነግሩኝ አልቻሉም፤ ሊያውቅ የሚችለው መለኪያ ቁም ሳጥን ውስጥ ነበር። አሁን ያ የፈራሁት ግምጃ ቤት ገብቼ ጓንት እደረድራለሁ። ደም አስመርምሬ እስካሁን ደህና ነህ ተብያለሁና አትደንግጪ። ብትቆጪኝ ግን መብትሽ ነው፤ ከሌላ አፍ ከምትሰሚው ብዬ ነው የጻፍኩልሽ።

ልጆቹን ጉንጭ ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። ልብስ ሰፊዋ ጎረቤታችንን ሰላም በዪልኝ፤ ስለ እኔ ከጠየቀችሽ አትዋሺላት፣ የእኔ ይበቃናል። ለባለቤትሽ ከአክብሮት ጋር ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ሚስማር መትቶ ምስክር ወረቀቱን የሰቀለው እሱ ነውና እሱው ያውርደው። ለዚያ ወረቀት ቦታ ብላችሁ ያነሣችሁትን የእናታችንን ፎቶ ወደ ቦታው መልሱልኝ።

ታናሽ ወንድምሽ
ከሆስፒታሉ ሠራተኞች መኖሪያ፣ እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ኅዳር ፲፪ ቀን