ለሁለት የሚበቃ ባና

ሞላሌ፣ ጥር 18 ቀን

ለቀድሞ አማቴ፣

እትዬ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ጉልበትዎ በዚህ ብርድ እንዴት ይዞዎታል? በጎቹስ የጥርን ውርጭ እንዴት አለፉት? እኔና የልጅ ልጅዎ ፅዮን እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ፅዮን ቁመቷ ትከሻዬ ደርሷል። አፍንጫዋ የእርስዎ ነው፤ አንደበቷ የእኔ።

ይህን ደብዳቤ ለዲያቆኑ ሰጥተው እንዳያስነብቡት። በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ከመንደሩ ሴት ሁሉ ቀድመው ፊደል የለዩት እርስዎ እንደሆኑ ራስዎ ነግረውኛል። መነጽርዎን ያድርጉና ብቻዎን ያንብቡት። ያልደወልኩት ስልኩን የሚያነሳው ተገኘ ስለሆነ ነው። ልጅዎ ሰምቶ ዝም ማለት እንጂ ሰምቶ መናገር እንደማይሆንለት ሁለታችንም እናውቃለን።

ማታ ማታ የውሎዬን የመጻፍ ልማድ አለኝ፤ ምን እንደሸጥኩ፣ ማን እንደመጣ። ከቤትዎ ከወጣሁ ወዲህ የእርስዎን ስም ጽፌ አላውቅም። ባለፈው ገበያ ግን ጻፍኩት። ምክንያቱን ልንገርዎ።

በብርድ የሚደረበውን የሱፍ ባናዬንና ጨርቄን ዘርግቼ ተቀምጬ ሳለ አንዲት ልጅ እግር ሴት መጣች። ከጨርቁ ሁሉ ጥቁሩን አነሳች፤ ወደ ብርሃን ዘረጋችው፤ አስቀመጠችው፤ እንደገና አነሳችው።

«ከዚህ የጠቆረ የለሽም?» አለችኝ።

«ከዚህ የጠቆረ የቄስ ካባ ብቻ ነው። ሐዘን አለብሽ እንዴ?» አልኳት።

«ሐዘንማ ቢሆን ባለቀ። ለቀሚስ ነው። የማያሳይ ነገር ነው የምፈልገው።»

ነጋዴ ሰው የሚገዛውን ዕቃ አይቶ የቤቱን ጉድ ያውቃል። በዚያ ላይ እኔ ራሴ እንዲህ ያለ ቀሚስ ለብሼ የከረምኩ ሴት ነኝ። «እስቲ ክንድሽን» አልኳት። የግራ ክንዷን በውስጥ በኩል ብዳብሰው እንደ ክብሪት እንጨት ያለች ነገር ጣቴን ነካችው። የማን ሚስት እንደሆነች የጠየቅኳት ከዚያ በኋላ ነው። «የዘመሮው የተገኘ» አለች። በእኔ ቦታ ያመጧት ምራትዎ፣ ጽናት።

አልዋሽዎትም፣ እትዬ፤ መጀመሪያ ደስ አለኝ። እሰይ አልኩ በሆዴ። ጨርቁን በእጥፍ ዋጋ ልሸጥላት ሁሉ አስቤ ነበር። ልጅቱ ግን ቀጠለች። «እትዬ ዓይነ ጥላ አለብሽ ይሉኛል። ደም የማይለቃት ሴት ቤት ታፈርሳለች ይላሉ። ከኪዳነ ምሕረት በኋላ ወደ አባቴ ቤት ሊመልሱኝ ነው» አለችኝ።

ደስታዬ እዚያው ላይ አለቀ። ያ ቃል የእኔ ነበር። አንዲት ፊደል ሳይለውጡ ለእሷም ሰጧት።

ያንን ፍልሰታ ያስታውሱታል። ሕዝቡ ሱባኤ ገብቶ ሲቆርብ እኔ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጪ ከጽዱ ዛፍ ሥር ቆሜ ቅዳሴውን ነፋስ እየቆራረጠው እሰማው ነበር። ደሙ አንድ ቀን ይቆማል፣ ደግሞ ይመጣል። ብዙ አልነበረም፤ ግን ደም ደም ነውና ሥርዓቱን አልጥስም አልኩ። እርስዎ ከሴቶቹ ፊት ፊት ሆነው ሲወጡ «አሁንም ውጪ ነሽ?» ይሉኛል፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው። ጎረቤትዎ ጠጄማ «የጽዱ ዘበኛ» ብላ ስም አወጣችልኝ፤ እርስዎም ሳቁ።

የወሊድ መከላከያውን ክንዴ ላይ ያስቀበርኩት ከተገኘ ጋር ተማክረን ነው፤ መሬት እስክናገኝ ሁለተኛ ልጅ ይቆየን ብለን። ነርሷ ጌታነሽ ከማስቀበሬ በፊት ሁሉንም ነግራኝ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ወራት ደሙ ጊዜውን ሊያዛባ ይችላል፣ በሽታ አይደለም፣ በብዙ ሴቶች እያደር ይረጋጋል አለችኝ። ከከበደሽ ተመለሺ፣ የሚያግዝ መድኃኒት አለ፣ ካልፈለግሽውም በጠየቅሽ ቀን እናወጣዋለን አለችኝ። ብመለስ ኖሮ መላ አላጣም ነበር። እርስዎ ግን «ጤና ጣቢያ የረገጠ እግር ከቤቴ አይገባም» አሉ። ጠበል ይውሰዷት አሉ። ጠበሉን አልነቅፍም፤ ተጠምቄበታለሁ፣ ዛሬም እጠመቃለሁ። የምነቅፈው ነገሩን እያወቁ ለነፍስ አባታችን ለአባ ቴዎፍሎስ ዓይነ ጥላ ነው ብለው የተናገሩበትን አፍዎን ነው። እርስዎ ሲናገሩ ተገኘ እሳቱን ይቆሰቁስ ነበር። እስኪያባርሩኝም እንደቆሰቆሰ ነው።

«እያወቁ» ማለቴ ያስቆጣዎት ይሆናል። እንግዲያው አንድ ነገር ላስታውስዎ።

ክንዴ ላይ ከማስቀበሬ በፊት የጀመርኩት የሚዋጠውን መከላከያ ነበር። ለእርስዎ አልነገርኩም፤ በሳጥኔ፣ በልብስ መሃል ነው የማስቀምጠው። ጠዋት እየዋጥኩት ያቅለሸልሸኛል። አንድ ቀን ከጓሮ አስመልሼ ስገባ እርስዎ ሱፍ ይፈትሉ ነበር። ዓይንዎን ከእንዝርቱ ሳያነሱ «በባዶ ሆድ ነው እንዴ የምትውጪው? ከራት በኋላ አድርጊው። ሁለት ሦስት ወር ነው፤ ከዚያ ይለቅሻል» አሉኝ። እንዳሉኝ አደረግኩ። እንዳሉትም ለቀቀኝ። በኋላ መንገድ እየወጣሁ መዋጡን ስለረሳሁ ነው ወደ ክንዱ የዞርኩት። ነርሷ ጌታነሽም የእርስዎኑ ምክር ደገመችልኝ፤ ግን ከእርስዎ ዘግይታ ነው።

ያን ጊዜ ደግ ሴት ናቸው ብዬ አልፌው ነበር። ከጽዱ ሥር ስቆም ግን የማሰቢያ ጊዜ አገኘሁ። በማኅበር ላይ ሴቶቹ የልጆችዎን ማነስ ሲያነሱ «ሦስት ስወልድ እግዜር ራሱ በቃሽ አለኝ» ይሉ ነበር። ሲናገሩት ያምርብዎታል።

ወደ ጽናት ልመለስ። ያን ዕለት ዕቃዬን ለጎረቤቴ አደራ ብዬ ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። መረመሯት፤ እርግዝና የለም፣ ደሟም አላነሰም። ለጥቂት ቀን የሚዋጥ ሰጧት፣ ከምግብ በኋላ ውሰጂው አሏት። ይህን ለእርስዎ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ካልተረጋጋ ተመልሳ ሌላ ዓይነት ትይዛለች ወይም ታስወጣዋለች፤ ምርጫው የእሷ ነው። ጨርቅ በጨርቅ ላይ የሚያርስ ብዙ ደም ከመጣ ወይም ራሷን ካዞራት ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ትሂድ። ይህን ለእሷም ነግሬያታለሁ። «መመለሱን እፈራለሁ፤ ቤት አያስገቡኝም» አለችኝ።

እኔ እንኳ ቤትዎ ስለማልገባ አልፈራዎትም። ስለዚህ የምፈልገውን ልንገርዎ።

የየካቲት ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ጽናት ውጪ ከቆመች እርስዎም ውጪ ይቆማሉ። ከሴቶቹ ፊት ያለው ቦታዎ ለአንድ ቀን ባዶውን ይዋል። ከጽዱ ሥር፣ ከልጅቱ ጎን፣ ቅዳሴው እስኪያልቅ። ጠጄ መጥታ «ምን ሆነው ነው?» ስትል «ከምራቴ ጋር ነኝ» ይበሏት። ሌላ ቃል አይጨምሩ። በማግስቱ ወደ ጤና ጣቢያ ይዘዋት የሚሄዱት እርስዎ ነዎት። ወደ አባቷ ቤት የሚባለውም ነገር በዚያው ይቀራል።

እምቢ ካሉ ለንግሡ እመጣለሁ። ከቅጥሩ ውጪ ባናዬን እዘረጋለሁ፤ የዘመሮ ሰው ወጥቶ ሲገባ በፊቴ ነው የሚያልፈው። አልሰድብዎትም። አልጮህም፤ የነጋዴ ድምፅ ሳይጮህም ይሰማል። እርስዎ በፊቴ ሲያልፉ አንድ ጥያቄ ብቻ እጠይቅዎታለሁ። «እትዬ፣ መከላከያው ከራት በኋላ ሲዋጥ እንደሚሻል ማን ነው የነገረዎት?» መልሱን ሕዝቡ ያዋጣ።

ሌላ ሰው ይህን ማስፈራራት ይለው ይሆናል። እኔ ዋጋ ነግሬዎታለሁ፤ ክርክር የለውም። ይቅር ብያለሁ ብዬም አልጽፍልዎትም፤ አላልኩምና።

እግዚአብሔር ለጉልበትዎ ብርታት ይስጥልኝ፤ የንግሥ ቅዳሴ ረጅም ነው። ዕድሜዎንም ያርዝምልኝ፤ ፅዮን አድጋ ስለ አያቷ ስትጠይቀኝ የምነግራት መልካም ነገር አንድ እንኳ እንዲኖረኝ።

ከጓሳ በኩል የሚመጣው ነፋስ ጽዱ ሥር ሲደርስ አጥንት ይሰብራል። እኔ ያን ጊዜ የነበረኝ ነጠላ ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አንድ ባና ልኬልዎታለሁ፤ ዋጋውን አይላኩ። ሸማኔው ለአንድ ሰው በሚሆን ስፋት ሊጨርሰው ነበር። ለሁለት ሰው አድርገው ያልኩት እኔ ነኝ።

የቀድሞ ምራትዎ፣
የፅዮን እናት