ከግድግዳው ማዶ ያለው ጉድጓድ

የካቲት 3
ዛሬም ዶርም ውሃ የለም። ከክፍል ወጥቼ በባጃጅ ወደ መናኸሪያ፣ አክስቴ ካሰች ጋ ሄድኩ። የእሷና የባሏ የጋሼ ገብረየስ ሻወር ቤት ሰፈሩ ሁሉ ሲደርቅ እንኳ ውሃ አያጣም። ጓሮ ጉድጓድ አላቸው፣ በሞተር ይስባሉ። ታጠብኩ፣ በላሁ፣ ተመለስኩ።
ለታሪክ ትምህርት የማቀርበው ርዕስ ደረሰኝ፦ የጥንት ሮማውያን መታጠቢያ ቤቶች ውሃ ሲያጥራቸው ምን ያደርጉ ነበር። ለእኛ ዶርም ልጆች የተመረጠ ይመስላል።

የካቲት 5
ሳነብ ዋልኩ። ፖምፔ የምትባል ከተማ ነበረች። ውሃ ከሩቅ በቦይ ከመምጣቱ በፊት መታጠቢያ ቤቶቹ የጉድጓድ ውሃ ነበር የሚጠቀሙት። ስለማይበቃ የገንዳውን ውሃ በቀን አንዴ ገደማ ቢቀይሩት ነው። ላቡም ቅባቱም እዚያው... ለዶርም ጓደኛዬ ለኑሪያ ባነብላት፣ ሁለተኛ እንዳታነቢልኝ አለች።
እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላ ነው። ጉድጓዱ ላይ ውሃ የሚያወጣ ትልቅ መዘውር ነበረ። በእግራቸው እየረገጡ የሚያዞሩት ባሮች ናቸው ይላል። ቀኑን ሙሉ። ከግድግዳው ማዶ ሌላው ይታጠባል... የሚታጠቡት ያስቧቸው ነበር ይሆን?

የካቲት 7
ጠዋት ሻወር ቤት ሄድኩ። ፀጉሬን ሳሙና እንደቀባሁ ውሃው ቀጠነ፣ ቆመ። ግድግዳውን ደበደብኩ። «ጋሼ፣ ውሃ ሄደ!» ትንሽ ቆይቶ ጠብ ጠብ አለ። ከዚያ ጓሮ የሆነ ነገር ወደቀ። ከዚያ የአክስቴ ጩኸት።
ፎጣ ጠምጥሜ ከነአረፋዬ ወጣሁ። ጋሼ መሬት ላይ... መሰላሉ ተገልብጧል፣ ጀሪካኑ ይፈሳል። ሞተሩስ? ሸረሪት አድርቶበታል። ያለው ገመድ፣ ባልዲና እሳቸው ብቻ። ለካ በእጃቸው እየሳቡ፣ በመሰላል እየተሸከሙ ጣሪያ ላይ ያለው ሮቶ ውስጥ ሲገለብጡ ነው የኖሩት። ከመስከረም ጀምሮ ነው፣ አለች አክስቴ። ሞተሩ ተቃጥሎ። ትምህርቴን ትቼ ውሃ ልሳብ እንዳልል ደብቀውኝ።
ከመስከረም ጀምሮ ስንቴ ታጠብኩ?

የካቲት 8
ትከሻቸው ተሰብሯል። ጭንቅላታቸው ደህና ነው፣ ጌታ ይመስገን። ሆስፒታል ገና ሲያዩኝ፣ «ልጄ፣ ሳትለቀለቂ አስወጣሁሽ» አሉኝ።
ይቅርታ መጠየቃቸው ነው። እኔን!

የካቲት 16
አቀረብኩ። መዘውሩ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። መምህራችን ዮፍታሄ ውሃ ስጧት አሉ። አልጠጣሁም። መዘውሩን ያዞሩ ከነበሩት የአንዱ እንኳ ስም ይታወቃል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። እሳቸው እስከሚያውቁት አይታወቅም አሉኝ።
ተቀመጥኩ።

መጋቢት 5
ጋሼ ከሆስፒታል ወጥተዋል። ሞተሩ አልተሠራም። ከአክስቴ ጋር ተጨቃጨቅን፤ ደንበኛ ይሸሸናል አለች። በመጨረሻ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ እንድንከፍት ተስማማች። እኔና ኑሪያ እንስባለን፣ ሮቶው ሲያልቅ ይዘጋል።
ዛሬ የመጀመሪያችን ነበር። መዳፌ ተልጧል፣ እስክሪብቶ መያዝ እንኳ ያቃጥለኛል።
ወደ ማታ አንድ ደንበኛ ውስጥ ሆኖ መዝሙር ጀመረ። ድምፁ ያምራል። ውሃው እየፈሰሰ ይዘምራል፣ ይደግማል... ጋሼ ክንዳቸው ታስሮ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፣ ፈገግ እንዳሉ ነው።
«የዚህ ሰውዬ መዝሙር ረጅም ነው» አሉኝ። «ሁለት ጀሪካን ጨምሪለት።»
ከግድግዳው ማዶ ማን እንደሚስብ አንዴ እንኳ ያስብ ብዬ፣ ሄጄ ከሮቶው የሚወርደውን ቧንቧ ዘጋሁት።
መዝሙሩ ቆመ። ጋሼ ደንግጠው አዩኝ።