አፉን ተይውና እግሩን እይው

ለተከበሩ የቤቶች አስተዳደር ጽሕፈት ቤት የጥገና ክፍል ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ፣ ለመላው ቤተሰብዎ፣ በተለይም ለሁለቱ ጉልበቶችዎ የተሟላ ጤና እየተመኘሁ፣ እንዴት ሰንብተዋል እላለሁ። ጉልበቶችዎን ለይቼ መጠየቄ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሕንፃችንን ደረጃ ከወጡ ሰንበትበት ስላሉ፣ አንድ ነገር ሆነው እንዳይሆን ሰግቼ ነው።

እኔ ምድር ቤት ያለችው ፀጉር ቤት ባለቤት ስሆን፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ካሳደገችኝ አክስቴ ጋር እኖራለሁ። ደረጃው መሰንጠቅ በጀመረ ጊዜ ሳይቃጠል በቅጠል ብለን ስናመለክት አክብረውን በመምጣትዎ እስከ ዛሬ ምስጋናዬ አልተቋረጠም።

አንደኛ፤ ቅሬታዬ፣ ቅሬታ ከተባለ፣ ስለ እንግሊዝኛዎ ነው። መጀመሪያ የመጡ ጊዜ እስከ ሦስተኛ ፎቅ ወጥተው፣ አክስቴ የቀዳችልዎትን ውሃ ጠጥተው፣ ነገሩ «ዌር ኤንድ ቴር» ነው አሉን። ቀጥሎ ሲመጡ አንደኛ ፎቅ ላይ ቆመው፣ አንገትዎን ወደ ላይ አቅንተው፣ «ዲቴሪዮሬሽን» አሉ። ከዚያ ወዲያ ደግሞ ከግቢው በር ሳያልፉ «ስትራክቸራል ዊክኒንግ» መሆኑን አበሠሩን። በመጨረሻም መንገድ ማዶ ካቆሙት መኪና ሳይወርዱ መስኮቱን ዝቅ አድርገው «ሲሪየስ ዲክላይን» ካሉ በኋላ መልሰው ዘጉት። እኛም ትርጉሙ ባይገባንም ቃሉ በከበደ ቁጥር ጥገናው የቀረበ እየመሰለን፣ ራሳችንን እየነቀነቅን እግዜር ይስጥልን ስንል ከረምን።

ዓይኔን ግንባር ያድርገው፣ ቃላትዎ በሰፈሩ ተወደዱ። ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን ገበያዬ ዲክላይን አደረገ ይላል፤ አንዲት ደንበኛዬ ባሏ ዲቴሪዮሬት ማድረጉን ነግራን ፀጉር ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ማታ ወጥቼ ሳወራላት አክስቴ ብቻ አልሳቀችም። ከመስኮቷ ሆና ስትከታተልዎ ኖራ ነበርና፣ እንደ ልጇ ስለምታይዎ ድፍረቱን ይቅር ይበሏትና፣ «ልጄ፣ አፉን ተይውና እግሩን እይው» አለችኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደረጃው ላይ ኮቴ ሰምቼ ብዕሬን አስቀምጬ ነበር። የሁለተኛ ፎቋ ተማሪ ናት፤ በሰላም ገብታለች።

ሁለተኛ፤ እንግሊዝኛ ጠላች እንዳይሉኝ። የአክስቴ ሐኪምም ጉልበቷን «ዲጄኔሬሽን» ብሎታል። እሱ ግን ቃሉን ሳይናገር በፊት በርከክ ብሎ ጉልበቷን በሁለት እጁ ያዘ፤ ከተናገረም በኋላ አጥንቷ ማለቁን፣ በየሳምንቱ ለሕክምና ካልመጣች መቆም እንደሚያቅታት በሚገባት ቋንቋ አስረዳት። አለቀሰች፤ ከዚያ ሕክምናዋን ጀመረች።

ወደዚያ ስትሄድ ጎረቤቶች በወንበር ተሸክመው ያወርዷት ነበር። ባለፈው ሰሞን ከፊት የያዘው አናጢ የረገጠው ደረጃ ተደርምሶ እግሩ ሰመጠ፤ ግድግዳ ባይደግፈው ኖሮ እሱም እሷም አይተርፉም ነበር። ከዚያ ወዲህ አክስቴ በእኔ ምክንያት የሰው ልጅ አይሞትም ብላ አልወርድም አለች። ሕክምናው ቀረ፣ ጉልበቷ አበጠ፣ ሌሊቱን ስታቃስት አድራ ጠዋት ደህና ነኝ ትለኛለች። እኔም እጄ የሰው ፀጉር ላይ፣ ጆሮዬ ላይኛው ፎቅ ነው፤ ዕቃ ወድቆ በተንኳኳ ቁጥር መቀሱ ስለሚያመልጠኝ፣ አንዷ ደንበኛዬ ያላዘዘችውን አጭር ቁርጥ ይዛ ሄዳለች። ተናድጃለሁ፤ ከንዴቴ ይልቅ ግን ፍርሃቴ ይበልጣል።

ሦስተኛው ቅሬታ ምን እንደነበር ጠፍቶኛልና ልመናዬ ይቅደም። ከፀጉር ቤቴ ጎን ያለችውን ክፍል መሥሪያ ቤትዎ ቆልፎ የተሰባበሩ ወንበሮች አከማችቶባታል። ወንበሮቹ የሐኪም ቀጠሮ የለባቸውም። ደረጃው እስኪጠገን አክስቴ እዚያ ትግባ፤ ለወንበሮቹ መኖሪያ ካጡ የእኛን ሦስተኛ ፎቅ እንለቅላቸዋለን። ለማውረዱ አይጨነቁ። በልጅነቴ በዚሁ ደረጃ በጀርባዋ ያወጣችኝ እሷ ናት፤ ለአንድ ጊዜ በጀርባዬ አወርዳታለሁ።

እግር ጥሎዎት በሰፈራችን እስኪያልፉ ድረስ፣ መስኮትዎ ዝቅ በሚልበት አቅጣጫ ሁሉ በታላቅ ትሕትና እጅ እየነሳሁ፣

ታዛዥዎ፣
የምድር ቤቷ ፀጉር ሠሪ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ግልባጩን ዋናው በር ላይ ለጥፌዋለሁ፤ የተፈረመበት ዋናው ደብዳቤ ግን ሦስተኛ ፎቅ አክስቴ ዘንድ ስላለ፣ ወጥተው እንዲረከቡ በአክብሮት እጠይቃለሁ፤ ውሃ ቀድታ ትጠብቅዎታለች። ደረጃውን መርገጥ ከፈሩ ግን መልስ ለመጻፍ አይድከሙ፤ የክፍሏን ቁልፍ ብቻ በሰው ይላኩልን።